ከኦቲሊያ ድስት የወጣች ቁራጭ ዓሣ

ፑዌርቶ ሴይባ፣ ኮሎምቢያ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2009

ለዳሚያና ጉዋርኒሶ፣ ማናውስ፣ ብራዚል

በዓይኔ ለማላውቅሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ባለሽበት በጥላው ይክደንሽ። እኛ እዚህ ማግዳሌና ወንዝ ዳር ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ አሻፈረኝ ብሏል፣ ጆሮዬም ስልክ አይሰማም፤ ለዚህ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ። የምትጽፍልኝ የመድኃኒት ቤቷ ወይዘሮ አይዴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የምናገረውን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ጻፊ ብያታለሁ።

አያትሽ ሮሴንዶ የአጎቴ ልጅ ነበር። እሱ ከወንዙ ሸሽቶ ከተማ ገባና ሱሪ ሰፊ ሆነ፤ እኔ ቀረሁ። ጀልባዬን እስካቆምኩባት ቀን ድረስ በዚህ ዳርቻ ከኔ በላይ ካፓስ፣ የወንዛችንን ምርጥ ዓሣ፣ ያወጣ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። ልመካ አይደለም፤ ማን እንደሚጽፍልሽ እንድታውቂ ነው። በቅርቡ ለቅሶ ላይ እናትሽን አገኘኋትና «ልጄ ብራዚል ናት፤ ከአንዲት ቁራጭ ሥጋ ተነስታ ዓሣው ምን እንደነበር ትናገራለች» አለችኝ። እውነት ከሆነ አንቺን የላከልኝ ፈጣሪ ነው።

ጉዳዬን ልንገርሽ። እዚህ ፕላሲዶ ቲኬ የሚባል ዓሣ ሻጭ አለ። ገበያ መሐል ጠረጴዛ ዘርግቶ ካፓስ ነው እያለ ይሸጣል። እኔ ሞታ ነው እላለሁ። ሞታ ከናንተ በኩል፣ ከአማዞን፣ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣ ዓሣ ነው። ራሱ ተቆርጦ ቆዳው ተገፎ ሲቀርብ ከኛ ካፓስ ጋር መንታ ነው። ኑሮው ግን የጅብ ነው። የሞተ፣ የተነፋ፣ የበሰበሰ ነገር ፈልጎ ነው የሚበላው። ቱ! ስሙን ስጠራው አፌ ምራቅ ይሞላል።

በካርመን እመቤታችን በዓል፣ በጁላይ አጋማሽ፣ ጀልባዎቹ ወንዙን ከዞሩ በኋላ ዳርቻው ላይ ትልቅ ድስት ይጣዳል። ማንም እጁን ከመስደዱ በፊት ከዓሣ አጥማጆች ትልቁ ጭልፋውን ይይዝና ቀምሶ በሕዝቡ ፊት «ንጹሕ ነው» ይላል። ያኔ ይበላል። ይሄ ጨዋታ አይደለም። በክፉው ዘመን ይሄ ወንዝ የተገደለ ሰው ያወርድ ነበር። እናቶቻችን ሬሳ የነካው ዓሣ ይሆናል ብለው ዓሣ እሳት ላይ ማውጣት ተዉ። ክፉው ዘመን አልፎም ቀድሞ የሚቀምስ ጠፋ። ሕዝቡ ፊት ቆሞ ቀምሶ «ንጹሕ ነው» ያለው አባቴ ነው። ከሱ በኋላ እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ፕላሲዶን «ሬሳ በል ነው የምትሸጠው!» አልኩት። እሱም «ማስረጃ አምጣ፤ እስከ በዓሉ ካላመጣህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፣ ጭልፋውንም ለኔ ታስረክባለህ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። የሰማ ሰማ። በይ እንግዲህ፣ ምን ልላክልሽ?

በአንደበቱ የተናገረው የሥጋ ዘመድሽ፣
ኤሊዮዶሮ ጉዋርኒሶ


ማናውስ፣ ማርች 4 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ ኤሊዮዶሮ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ለጉልበትዎም ፈጣሪ ብርታቱን ይላክለት። ደብዳቤዎን ሳነብ አያቴ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። እሱም ሲናገር እንደ እርስዎ ነበር፤ ሱሪ ሲሰፋም ቢሆን።

የጠየቁኝ ነገር ይቻላል። በእያንዳንዱ ዓሣ ሥጋ ውስጥ፣ በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። ሱቅ ዕቃ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር መስመር ምልክት አይተውት ይሆናል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ በመብራት የምታነበውን፤ እንደዚያ ይቁጠሩት። የካፓስ ሌላ ነው፣ የሞታ ሌላ ነው። ራሱ ቢቆረጥ፣ ቆዳው ቢገፈፍ፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። እኛ ከሥጋው እናወጣዋለን፣ መሣሪያ ያነበዋል፣ ከዚያ ቀድሞ ከሰበሰብናቸው ዓሦች ጋር እናስተያየዋለን።

የጥፍር ያህል ሥጋ ይበቃኛል። እያንዳንዱን በየጠርሙሱ ያድርጉና አልኮል ይሙሉበት፤ አንዱን ቆርጠው ወደ ሌላው ሲሄዱ ቢላዋውን ይጠቡ። ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ውጤቱ ያሰቡት ባይሆንስ?

በአክብሮት፣ ልጅዎ ዳሚያና


ፑዌርቶ ሴይባ፣ ማርች 22 ቀን 2009

ልጄ ዳሚያና፣ በረከት ከደጃፍሽ አይራቅ።

እኔ ፊደል አላውቅም፣ ዓሣ ግን ሥጋው ውስጥ ጽሑፍ ይዞ ይዋኛል ትይኛለሽ! «እንግዲህ ከዓሣም አነስኩ ማለት ነው?» ብላት አይዴ እየሳቀች እስክሪብቶዋን ጣለች።

ውጤቱ ያሰብኩት ባይሆንስ ላልሽው፣ እኔ ካፓስን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ የማውቅ ሰው ነኝ። ክንፉ ሥር ያለችው እሾህ መዳፌን ወንፊት አድርጋዋለች። ሞታ እሾህ የለውም፤ ክንፉ ልስልስ ያለ ነው፣ እንደ አሽቃባጭ ሰው እጅ።

ሦስት ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። አንደኛው ከፕላሲዶ ጠረጴዛ ነው። የገዛችው አይዴ ናት፤ እኔ ብሄድ ከነቢላዋው ነበር የሚቀበለኝ። ሁለተኛው ከተማ ካለ ትልቅ መደብር በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ነው። ሦስተኛው ከልጄ ከኦቲሊያ ድስት የወጣ ነው። ኦቲሊያ ምግብ ቤት አላት፤ በሩ ላይ «የኤሊዮዶሮ ካፓስ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ከሩቅ በመኪና መጥቶ ይበላል። የሷን የላክሁልሽ ለምርመራ አይደለም፤ መሣሪያሽ እውነተኛ ካፓስ ምን እንደሆነ ከሱ ይማር ብዬ ነው።

አልኮል ባልሽው ቦታ አኒስ የሚባል ቅመም ያለበት አረቄ ሞልቼበታለሁ። ለእንግዳ የማልቀዳው ምርጡ ነው። ዓሣውም ደስ ብሎት ይመጣል።

በዓሉ እየቀረበ ነውና ፍጠኚ።

ኤሊዮዶሮ ጉዋርኒሶ፣ በአንደበቱ


ማናውስ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጥቅሉ ትናንት ደረሰ። ሽታው ቀድሞት ደረሰ ብል ይቀላል። ፖስታ ቤት ስሄድ ሠራተኛው ሳጥኑን በእንጨት እየገፋ ነው ያቀረበልኝ። «ዘመድሽ ሰው ገድሎ ከሆነ ፖሊስ ጥሪ እንጂ ለእኛ አትላኩብን» አለኝ። ላቦራቶሪ ወስጄ ስከፍተው አንደኛው ጠርሙስ በሙቀቱ ክዳኑ ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። ውስጡ ያለው ሥጋ ሳይሆን አረንጓዴ ቅባት ነበር። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ሮጠች። መስኮት ሁሉ ከፍተን ውጭ ቆምን። «አኒስ ያለበት ከረሜላ ሁለተኛ አፌ አይገባም» ብላ ምላለች።

አጎቴ፣ አረቄ ለሰው እንጂ ለዓሣ ደካማ ነው። ሥጋው በስብሷል፤ የሚነበብ ነገር አላገኘሁበትም። ወይዘሮ አይዴ መድኃኒት ቤት ካለው ንጹሕ አልኮል ይስጡዎትና እንደገና ይላኩልኝ፣ እባክዎ።

ስለ ሞታ የጻፉትን ሳነብ ልንገርዎት አልንገርዎት ብዬ ነበር። ባለፈው ዓመት ወደ ላይኛው ወንዝ ሄጄ ሲያጠምዱት አይቻለሁ። ሮዝ ዶልፊን ይገድላሉ። ፀሐይ ላይ ጥለዋት እስክትነፋና እስክትሰነጠቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ በእንጨት ሳጥን ከተው ውሃው ዳር ይነክሯታል። ወዲያው ውሃው ይፈላል፤ ሞታዎቹ ናቸው። ሥጋው ውስጥ እስከ ጅራታቸው ተሰክተው ይበላሉ። መረብ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰዎቹ ከዶልፊኗ ሆድ ውስጥ በእጃቸው እየዘገኑ ያወጧቸዋል። አንዱን «ትበሉታላችሁ?» አልኩት። «እኛ?» አለና ተፋ። «እኛማ አንበላውም፤ ለኮሎምቢያዎች ነው።» ኮሎምቢያዊት መሆኔን አላወቀም።

ልጅዎ ዳሚያና


ፑዌርቶ ሴይባ፣ ሜይ 2 ቀን 2009

ልጄ፣ የሰማይ አምላክ ከክፉ ሽታ ይጠብቅሽ።

ስለ አረቄው ጥፋቱ የሙቀቱ ነው እንጂ የአረቄው አይደለም። ይሁን። አሁን በአይዴ አልኮል ልኬዋለሁ፣ ቁጥሩም እንደ ድሮው ነው፤ አንድ የፕላሲዶ፣ ሁለት የመደብሩ፣ ሦስት የኦቲሊያ።

«ለኮሎምቢያዎች ነው»! ይቺን ቃል አይዴ ደግማ እንድታነብልኝ አደረግኋትና ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ጉሮሮዬ ላይ ጠጉር የተጋረጠ ነው የሚመስለኝ። ብቻዬን አልታመምም ብዬ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤሽን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አስነበብኩት። ምን ልበልሽ! ሴቶቹ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዱ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ሄዶ አስመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላሲዶ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ዝንብ ብቻ ነው። ሚስቱ መንገድ ላይ አግኝታኝ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቻችንን በምን ልናበላ ነው?» አለችኝ። «በሞታ አታብሏቸው እንጂ በሌላ በፈለጋችሁት» አልኳት።

ያን ዕለት አንዷ ሴትዮ «የኦቲሊያስ ዓሣ?» ብላ ጠየቀች። ጠየቀችኝ፣ እኔን! የካርመን እመቤታችን ሥዕል ላይ እጄን ጭኜ በልጄ ቤት የሚቀርበው ካፓስ ነው ብዬ ማልኩ። ኦቲሊያ አላየችኝም እንጂ ትኮራብኝ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብላ ቀድማ ወደ ቤት ሄዳለች።

ውጤቱን ማኅተም ባለበት ወረቀት አድርጊው። በመስታወት አስገብቼ ገበያው ላይ እሰቅለዋለሁ።

ኤሊዮዶሮ ጉዋርኒሶ፣ በአንደበቱ


ማናውስ፣ ሜይ 30 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ። ጠርሙሶቹ በደኅና ደርሰዋል፤ ሥጋው ንጹሕ ነው።

ሥራው ትንሽ ይቆያል። አንዱን መድገም አስፈልጎኛል። ካላስቸገርኩዎት ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ኦቲሊያ ዓሣዋን የምትገዛው ከማን ነው? ራሱና ቆዳው ያለበትን እርስዎ አይተውታል? ከተቻለ ራሱ ካልተቆረጠ ዓሣ ላይ በገዛ እጅዎ ቆርጠው አንድ ቁራጭ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

እስከዚያ ስለ ጉዳዩ ለሰው ባይናገሩ ይሻላል።

ዳሚያና


ፑዌርቶ ሴይባ፣ ጁን 13 ቀን 2009

ዳሚያና፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ መርፌ አለበት። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ፕላሲዶ ነው፤ አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ልጄ። ስለ ምግብ ፍላጎቴ ምን አገባሽ? እበላለሁ። ትናንትም በልቻለሁ፣ ከኦቲሊያ ድስት፣ ሁለት ሳህን።

ዓሣዋን ከነጋዴ ነው የምትገዛው። ተጠርቦ ታጥቦ ይመጣላታል። የከተማ እንግዳ ሳህን ላይ ዓይን ሲያፈጥበት አይወድም ትላለች፤ እኔም ማድቤት ገብቼ የሴት ሥራ አልፈትሽም። ራሱን አየኸው ወይ ማለት ምን ማለት ነው? ልጄን አምናታለሁ። የቤቱ በር ላይ ያለው ስም የኔ ነው።

አይዴ እዚህ ላይ ጽሑፉን አቁማ አየችኝ። «ምን አየሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። ሁላችሁም ምንም ትላላችሁ። ለበዓሉ የቀረው ወር ብቻ ነው። ፕላሲዶ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ሽማግሌው፣ ወረቀትህ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» እያለ ያላግጥብኛል። የሚነገር ካለሽ ተናገሪ። የጉዋርኒሶ ዘር ቃሉን እያላመጠ አያወራም።

ኤሊዮዶሮ


ማናውስ፣ ጁን 27 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ ኤሊዮዶሮ፣

እውነትዎን ነው። ቃሌን እያላመጥኩ ቆየሁ።

ቁጥር አንድ፣ የፕላሲዶ ቲኬ፣ ካፓስ ነው። ከማግዳሌና ወንዝ የወጣ፣ ምንም የማያጠራጥር ካፓስ።

ቁጥር ሁለት፣ የመደብሩ፣ ሞታ ነው።

ቁጥር ሦስት ሞታ ነው።

ሦስተኛውን ደጋግሜ አስነበብኩት። ጠርሙስ ተለዋውጦብኝ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሌላ ሰው እንዲሠራው ሰጠሁ። ያው ነው። የሞታ ሥጋ ሜርኩሪ የሚባል መርዝም ይጠራቀምበታል፤ ስለዚህ ኦቲሊያን ጨምሮ ማንም እንዳይበላው እለምንዎታለሁ።

የጠየቁት ባለ ማኅተም ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ኦቲሊያም ተታልላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመጻፍ እጄ እንዴት እንደከበደኝ ፈጣሪ ያውቃል።

ልጅዎ ዳሚያና


ፑዌርቶ ሴይባ፣ ጁላይ 10 ቀን 2009

ዳሚያና፣

ሰላምታውን አይዴ ከራሷ ጨምራ ትጻፍልሽ፤ እኔ የለኝም።

ወረቀትሽ ሲነበብልኝ መጀመሪያ መሣሪያሽን ሰደብኩት። ሰካራም ነው አልኩ። በአረቄው ሰክሮ ቀርቷል አልኩ። ከዚያ አንቺን ሰደብኩ፤ አይዴ ግን ያንን አልጽፍም ብላለች። ከዚያ ተነስቼ ማድቤት ገባሁ። ኦቲሊያ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠረጴዛው ላይ የቀለጠ በረዶ የሚያንጠባጥብ ካርቶን አለ፣ ውስጡ ነጭ ነጭ ሥጋ ተደርድሯል።

«ይሄ ዓሣ ከየት ነው?» አልኳት።

«ከነጋዴው ነዋ አባዬ። ከየት ይሆናል?»

«ራሱን አይተሻል?»

«ማን ራስ ይበላል?»

«አይተሻል ወይ አልኩሽ!»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አላየሁም! ደስ አለህ? አንድ ቀን አላየሁም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። አንተ ጀልባህን ካቆምክ ወዲህ ካፓስ የሚያመጣልኝ ማን ነው? ወንዙ እኮ ባዶ ነው አባዬ። ሙሉ ነው የምትለው አንተ ብቻ ነህ። የተገኘችዋን ደግሞ ፕላሲዶ ጎሕ ሳይቀድ ጀልባዎቹ ጋ ወርዶ ይወስዳታል። ከሱ ልግዛ? ከዚያ ቤት አንድ ዓሣ ባስገባ ከቤቴ ውጪ አላልከኝም ነበር?»

ብያለሁ።

«ሞታ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አልጠየቅሁም» አለች። «ካፓስ ነው ብሎ ሸጠልኝ፣ ካፓስ ነው ብዬ ሸጥኩ። አንተም በላህ። ጨምሪልኝ፣ የእናትሽ እጅ ወጣልሽ አልከኝ።»

እሱን ነው የማልረሳው፤ ጨምሪልኝ ማለቴን። ያን ቀን ጓሮ ወጥቼ ሆዴ ውስጥ የቀረ እስኪጠፋ ድረስ አስመለስኩ። ጥርሴን በሳሙና አጠብኩት። አሁንም ምራቄን ስውጥ ያቺ ፀሐይ ላይ የተነፋችው ዶልፊን ጉሮሮዬን አልፋ የምትወርድ ይመስለኛል። ለሕዝቡ የማልኩበት እጅ ይሄው፣ እሱንም መታጠብ አልደከመኝም።

ኦቲሊያ ማታ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «ካወራህ ምግብ ቤቱ ያልቃል፤ ከነልጆቼ የት እገባለሁ? አባዬ፣ ዝም በል። ለበዓሉ ብቻ ዝም በል» አለችኝ።

ስለዚህ ይሄን እለምንሻለሁ፤ ለምኜ አላውቅም። ሌላ ወረቀት ላኪልኝ። ሥጋው ተበላሽቶ አልተነበበም ብለሽ ጻፊ። ስለ ፕላሲዶም ስለ ኦቲሊያም ምንም አትበዪ። ያንን ማኅተምሽን አድርጊበት። በቶሎ።

ኤሊዮዶሮ


ማናውስ፣ ጁላይ 29 ቀን 2009

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ፤ በዓሉ አልፏል። በጊዜው ደርሶም ቢሆን መልሴ አንድ ነው። ሌላ ወረቀት አልጽፍም። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ኦቲሊያ አልቅሻለሁ። ስለ ፕላሲዶ ሚስትም አስባለሁ፤ ባለፈው በደብዳቤዎ ያነሷትን። የጻፍኩትን ያስነበቡት እርስዎ ነዎት፤ ጠረጴዛው ላይ ዝንብ ያሰፈረው የኔ ቃል ነው። ያንን ዝንብ እዚያው ትቼ የውሸት ወረቀት ላይ ማኅተም ማድረግ አልቻልኩም።

በበዓሉ ቀን ምን ሆነ? እባክዎ ይጻፉልኝ። ቢቆጡም ይጻፉልኝ።

ዳሚያና


ፑዌርቶ ሴይባ፣ ኦገስት 20 ቀን 2009

ልጄ ዳሚያና፣ ፈጣሪ እንደ እጅሽ ሥራ ይክፈልሽ፤ እጅሽ ንጹሕ ነው።

አልጽፍም ማለትሽ ትናንት ደረሰኝ። ዘግይቷል፣ ግን ጥሩ አደረግሽ። ጽፈሽልኝ ቢሆን ዛሬ አላናግርሽም ነበር። አዎ፣ የለመንኩሽ እኔ ነኝ፤ ቢሆንም አላናግርሽም ነበር።

በበዓሉ ጀልባዎቹ ዞሩ። ድስቱ እንደየዓመቱ ከነዓሣው ከኦቲሊያ ቤት መጥቶ ዳርቻው ላይ ተጣደ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ምንድን ነው ያለው?» አልኳት። «አባዬ፣ ዛሬ አትጠይቀኝ» አለች። ቄሱ ባረኩ። ሙዚቃው ቆመ። ጭልፋውን ሰጡኝ። ፕላሲዶ ከፊት ቆሟል፣ ሚስቱ አጠገቡ፣ ሁለቱም ክሳት ገብቷቸዋል። የአይዴ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ወረቀትሽ ኪሴ ውስጥ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

ጨልፌ አፌ ውስጥ ከተትኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጣፈጠኝ። ሙዙ ለስልሷል፣ ካሳቫው መረቁን ጠጥቷል፣ ዓሣው እንደ ቅቤ ነው። ምላሴ ሊውጠው ፈለገ። የቀፈፈኝ ያ ነው። ሞታው አይደለም፣ የራሴ ምላስ ነው የቀፈፈኝ። እንትፍ አልኩት። ሕዝቡ ፊት፣ ቄሱ ጫማ አጠገብ ተፋሁት።

«ንጹሕ አይደለም» አልኩ። «ሞታ ነው። ከልጄ ቤት ነው፣ ከኔ ስም ሥር ነው። የፕላሲዶው ግን ካፓስ ነበር። ወረቀቱ ይኸው፣ የፈለገ ያንብብ።»

ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። አንዷ ጮኸች፤ «ሦስት ዓመት አብልተኸን ነው ዛሬ የምትተፋው? የኛን ማን ይትፋልን!» አለች። ልጆች አፋቸውን ይጠርጋሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ የማስመለስ ድምፅ እንደ እንቁራሪት ነው። አንዱ ድስቱን በእግሩ ገፋው፣ መረቁ አሸዋው ላይ ፈሰሰ፣ ውሾች መጡ። ኦቲሊያ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ሄደች።

እኔ ወደ ፕላሲዶ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁና ጭልፋውን ዘረጋሁለት። አየው፤ ምራቄ አለበት። «እጠበውና ስጠኝ» አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ ወንዝ ወረድኩ፣ አጎነበስኩ፣ ጉልበቴ ተንቋቋ፣ በአሸዋ ፈተግሁት። ያኔ ተቀበለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አላለም። ማለትም አይገባውም።

ኦቲሊያ ምግብ ቤቱን ዘግታ ከረመች። ከኔ ጋር አትነጋገርም፤ እንቁላልና ባቄላ በር ላይ ታስቀምጥልኛለች። ባለፈው ሳምንት ቀለም ገዝታ መጥታ ስሜን ከበሩ ላይ አጠፋች። በቦታው ምን እንደጻፈች አይዴ አነበበችልኝ፤ «የተጠበሰ ሞታ»። ከእንግዲህ ማን ይመጣል ብዬ በሆዴ አዘንኩላት። የመርዙን ነገር የጻፍሽውን አይዴ አንብባላታለች፤ ለራሷ ልጆች አታበላም፣ ለሰው ግን ትሸጣለች።

ደግሞም ይመጣሉ፣ ልጄ! የከባድ መኪና ሾፌሮች ይመጣሉ። በበዓሉ ቀን ያስመለሱትም ተመልሰው መጥተዋል፣ ርካሽ ነው ብለው። እኔ ወንበሬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ኦቲሊያ ልታስነሳኝ ሞክራ አልቻለችም። የሚመጣው ሁሉ ይጠይቀኛል።

«አባት፣ ዓሣው ምንድን ነው?»

«ሞታ ነው» እላለሁ። «ሬሳ በል ነው። ዶልፊን አበስብሰው ነው የሚያጠምዱት። የሚያጠምዱት ሰዎች ራሳቸው አይበሉትም። ውስጡም መርዝ አለ።»

ይስቃሉ። «ይጣፍጣል?» ይሉኛል።

«ይጣፍጣል» እላለሁ፤ እኔ አልዋሽም።

ይገባሉ።

ኤሊዮዶሮ ጉዋርኒሶ፣ በአንደበቱ